ድምፁ የጠፋው ሽማግሌ

ለሽምግልና የሚያበቃኝ ዕድሜዬ ሳይሆን መላጣዬ ነው። ፀጉሬ ቀድሞ ስለሸሸ ቆሰበር ውስጥ ልጅ ለማጨት ሽማግሌ ሲፈለግ የኔም በር ይንኳኳል። አፌ ደግሞ አያርፍም። ሚስቴ «ይኼ ሰውዬ በሬ ሊገዛ ሄዶ ባለበሬውን ድሮት ይመጣል» ትላለች። ሙገሳ ይሁን ስድብ እስካሁን አልለየሁትም።

የእህቴ ልጅ ላግባ ሲል እንግዲህ ዋናው ተናጋሪ እኔ መሆኔ የታወቀ ነበር። ልጁ የከብት ሐኪም ነው፤ ጥሊሊ አካባቢ ገጠር ውስጥ ይሠራል፣ ቅዳሜና እሁድ በሞተር ወደ እናቱ ይመጣል። ልጅቷ እዚሁ፣ እኛ ቆሰበር በምንላት እንጅባራ፣ ነርስ ናት። ችግሩ ወላጆቿ ናቸው፤ ችግር ስል ርቀታቸውን ነው። አባትየው ዳንግላ ተወልዶ ያደገ፣ መንገድ ሥራ ላይ ፎርማን የሆነ ሰው ነው። ሥራው ወስዶ ጅግጅጋ ጥሎታል፣ ሚስቱም አብራው አለች። ፈቃድ ጠይቆ እንዳይመጣ ሥራው አይለቀውም። እኛ ጅግጅጋ ድረስ እንዳንሄድ ደግሞ ከሦስታችን ሽማግሌዎች አንደኛው ሚኒባሱ ገና ሳይነሳ የሚያስመልሳቸው ሰው ናቸው።

አባትየው «በቪዲዮ ይሁን» አለ። «ግን ወጉ እንዳይጓደል። ሽማግሌ ይላክ፣ ይቆም፣ ይጠይቅ።» አንድ ነገር ጨመረ፤ በቅርቡ ኔትወርክ የሌለበት በረሃ ሳይት ሊገባ ነው፣ ሲመለስ ፋሲካ ደርሶ ለሰርግ መዘጋጃ ጊዜ አይተርፍም። መልሱ ከመሄዱ በፊት ካልተገኘ ሰርጉ ለከርሞ። የእህቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ፊቱ የታመመች ላም መሰለ። ከሙያው የተጋባበት ይሆናል።

«አይዞህ» አልኩት። «ላፕቶፕ አለኝ። ቢሮ ውስጥ ከኮምፒዩተር ጋር ነው ያረጀሁት።» እውነት ነው፣ አርጅቻለሁ። ኮምፒዩተሩን ግን ደብዳቤ ከመጻፍ ውጪ ነካክቼው አላውቅም። ሚስቴ «በስልክ አይሻልም?» ብትለኝ «ሦስት ሽማግሌ ስልክ ውስጥ አይገባም! ትልቅ ጉዳይ በትልቅ ስክሪን ነው» ብዬ ዘጋኋት።

የመጀመሪያው እሁድ ደረሰ። ሦስታችን ሳሎን ተሰየምን፤ እኔ፣ የሰፈራችን ቄስ፣ ከጥሊሊ የመጡ አንድ ትልቅ ሽማግሌ። የጥሊሊው አባባ ፈረሰኛ ናቸው። የእህቴ ልጅ ፈረሳቸውን ከሞት መልሶላቸዋል፣ እሳቸውም ለፈረሱ ሲሉ ነው ሚኒባስን የደፈሩት። ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። የልጅቷ አባት ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ፤ ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ሚስቱ ነጠላዋን አጣፍታ ከጎኑ ተቀምጣለች። እኛ እንደ ወጉ ብድግ አልን።

«ተቀመጡ እንጂ አባቶቼ» አለ።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አልኩ፣ ጎርነን አድርጌ።

  እሱ አንገቱን ወደ ስክሪኑ አስግጎ «ድምፅ የለም» አለ። «ደግሞ የማየው ሦስት ቀበቶ ብቻ ነው።»

ለካ ስንቆም ጭንቅላታችን ከካሜራው በላይ ቀርቷል። ቄሱ ጎንበስ አሉ። እኔ ጮክ አልኩ። አይሰማም። አባባ «እስቲ ልቀቅልኝ» ብለው፣ ከጋራ ጋራ ሰው እንደሚጠራ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተጣሩ። ጎረቤት «ምን ሆናችሁ?» ብሎ መጣ፤ ጅግጅጋ ግን ምንም አልተሰማም። የአባባ ድምፅ ካልደረሰ የማንም እንደማይደርስ ገባኝ።

«ለሚቀጥለው እሁድ ይሁን» አለ አባትየው። «በማግስቱ ሰኞ እኔ በረሃ እገባለሁ። እንግዲህ ድምፃችሁን ይዛችሁ ኑ።»

እህቴ ልታለቅስ ስትል «ደግ ነው፣ ወጉም እኮ እንዲህ ነው፤ ሽማግሌ በመጀመሪያ ቀን መልስ ይዞ አይመለስም» ብዬ አጽናናኋት። በሆዴ ግን ያ ልጅ ለከርሞ ሲጠብቅ፣ እኔም ዓመቱን ሙሉ በእህቴ ዓይን ስገረፍ ታየኝ።

ሰኞ ጠዋት የላፕቶፑ ሕክምና ተጀመረ። መጀመሪያ የማይኩን ቀዳዳ ፈለግኩ። ሐኪም ጆሮ እንደሚመረምር በባትሪ አበራሁ፤ ካሜራው አጠገብ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አገኘሁ። እፍ አልኩባት። በስንጥር ልጠርጋት ስል ሚስቴ «ዓይኑን አውጣውና አርፈህ ቁጭ በል» ብላ ነጠቀችኝ። አጥፍቼ አበራሁት። ሰርግ ላይ ማይክ እንደሚሞክሩት በጣቴ ኳ ኳ አድርጌ «አሎ፣ አሎ፣ አንድ፣ ሁለት» አልኩ። ምንም።

ማክሰኞ አንድ ኮምፒዩተር ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። ሰውዬው ሳይከፍተው «ፎርማት ይፈልጋል» አለኝ።

«ማይኩ ብቻ ነው እኮ።»

«ማይክም ይሁን ሌላ፣ ፎርማት ነው።»

ከኔ በፊት የነበረችው ሴትዮ የስልኳ ባትሪ አብጦ ነው የመጣችው፤ ለእሷም ፎርማት አዝዟል። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የድሮው ጤና ረዳታችን ትዝ አለኝ፤ ለራስ ምታትም ለስብራትም ያው አንድ መርፌ ነበር። ፎቶዎቼና መዝሙሮቼ እንዳይጠፉ ፈርቼ ላፕቶፔን አቅፌ በባጃጅ ተመለስኩ። ባጃጁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሕፃን የታቀፍኩ ይመስል ቦታ ለቀቀልኝ።

ሐሙስ ከሰዓት ሴቲንግ የሚባለው ውስጥ ገባሁ። ውስጡ እንደ ዳንግላ ገበያ ነው፣ በገባሁበት መውጣት አቃተኝ። ስዞር ስዞር ስለ ማይክ ፈቃድ የሚያወራ ቦታ ደረስኩ። ፈቃዱ ተዘግቷል! እኔ የቤቱ አባወራ ሆኜ ለገዛ ማይኬ መናገር የከለከልኩት መቼ እንደሆነ አላውቅም። ጫን ብዬ ከፈትኩት። እሱ ብቻ ቢሆን ጉዳዩ እዚያው ባለቀ ነበር፤ እኔ ግን ሥራ ካገኘሁ አላቆምም። ከሥር ደግሞ «የትኛውን ማይክ?» የሚል አለ። ሁለት ስም ተደርድሯል፤ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም፣ ቁጥር የተቀላቀለበት። ስሙ የረዘመ ሹመቱ ይበልጣል ብዬ ረጅሙን መረጥኩ።

«አሎ!» አልኩ። ስክሪኑ ላይ አንዲት አረንጓዴ መስመር ዘለለች።

«አንድ!» ዘለለች። «ሁለት!» ዘለለች። ዝም ስልም ትዘል ነበር፤ የማይኩ ጉጉት ነው አልኩ። ከግድግዳው ወዲያ ማድ ቤት ውስጥ ሚስቴ ነጭ ሽንኩርት ትወቅጥ ነበር። «አንቺ! ሠራሁት!» ብዬ ጮህኩ። መስመሯ ይህን ስል በጣም ዘለለች፤ ሚስቴ «እሰይ!» ስትል ደግሞ ከኔ ጩኸት በላይ ዘለለች። ጠርጥሬ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራሁ።

የሁለተኛው እሁድ ዝግጅት ፍጹም ነበር። ቀበቶ እንዳይታይ ላፕቶፑን ቡፌው ላይ ሰቀልኩት። ቄሱ መስቀላቸውን፣ አባባ ካባቸውን ይዘው መጡ። እኔ ኮት ለበስኩ፤ ቁልፉ ስለማይገጥም እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ መቆም ነበረብኝ፣ ትሕትናም ይመስላል። የእህቴ ልጅ በወጉ መሠረት እዚያ አይገኝም፤ ውጭ ሞተሩን ለሦስተኛ ጊዜ ያጥባል። ሚስቴና እህቴ ማድ ቤት ናቸው። ሽምግልና የወንድ ነው ተብሏልና እነሱ ወጥ ይጠብቃሉ።

አባትየው ብቅ አለ። ቆምን። «ተቀመጡ» አለ። አልተቀመጥንም። እኔ ጀመርኩ።

እንዲህ ያለ ንግግር ከዚያ በፊት ተናግሬ አላውቅም። ከጥንት አባቶቻችን፣ ከሰባቱ ቤት አገው ተነስቼ የእህቴን ልጅ የዘር ሐረግ ቆጠርኩ። የማላውቀው ቦታ ስደርስ ጀግና ጨመርኩበት። ስለ መሬቱ አወራሁ፤ መሬቱ የአያቱ ነው፣ አያቱ ደግሞ ገና አሉ፣ እሱን ግን አላነሳሁም። ስለ ሀብቱ፣ ስለ ወደፊት ሹመቱ ተናገርኩ። ቄሱ ሁለቴ በክርናቸው ጎሸሙኝ።

የአባትየው ፊት የሚገርም ነበር። አፌ አፌን ያያል፣ ወዲያው ዞር ብሎ ሚስቱን ያያል። ስለ ልጁ ቅድመ አያት ጦር ሳወራ ሳቀ። እንዴት ሳቀ! ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ። እሺ፣ የደስታ ሳቅ ነው አልኩ። ስለ ድንች ማሳው ስናገር ደግሞ ሁለቱም ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። ሚስቱ የባሏን እጅ ያዘች። ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አነሳች። እሱም በመዳፉ ፊቱን አበሰ።

እኔ ልቤ ሊፈነዳ ነው። በድንች ማሳ ሰው ያስለቀሰ ሽማግሌ ከኔ በፊት ነበር? «እያዩ ነው?» ብዬ አባባን በዓይኔ ጠቀስኳቸው። እሳቸውም በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጨርሼ እጅ ነሳሁ። አባትየው ጉሮሮውን ጠረገ።

«አባቶቼ፣ አሁንስ ተቀመጡ። አንድ ጥያቄ አለኝ። ሞተሩ የመንግሥት ነው?»

ምን? ስለ ሞተር አንድም ቃል አልተነፈስኩም። ሞተሩ የመንግሥት መሆኑን ሆን ብዬ ነው የዘለልኩት።

«አይ፣ ጌታዬ፣ ሞተሩ እንኳ...» ብዬ ስጀምር እጁን አነሳ።

«ወንድሜ፣ አይድከሙ። የእርስዎ ድምፅ ከመጀመሪያው አይሰማም። አፍዎ ሲከፈት አያለሁ፣ የምሰማው ግን ሁለት ሴቶች ነው። በኛው ቋንቋ፣ በአዊኛ።»

 ጆሮ ስንሰጥ ከግድግዳው ወዲያ የሚስቴ ድምፅ ለእኛም ተሰማን፤ ሳይቋረጥ ያወራል።

ያኔ ገባኝ። ማድ ቤት መደርደሪያው ላይ ሚስቴ መዝሙር የምትሰማበት የብሉቱዝ ስፒከር አለ። በዓል ሲመጣ ከላፕቶፔ ጋር አገናኝቼው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ላፕቶፑ በተከፈተ ቁጥር ራሱ እየተገናኘ ኖሯል። ለካ የራሱ ማይክ አለው። ያ ባለ ረጅም ስም ሹም እሱ ነው። እኔ ሳሎን ቆሜ ዘር ስቆጥር፣ ጅግጅጋ የሚደርሰው የማድ ቤት ወሬ ነበር።

«ምን... ምን አሉ?» አልኩ። አይሰማኝም። ቄሱ በእጃቸው ጠየቁልኝ፤ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ ቅንድባቸውን ሰቅለው።

አባትየው ደስ እያለው ነገረን። እህቴ «እኔን ያስፈራኝ የወንድሜ ውሸት ነው። ልጄ ምን አለው? ደመወዙና ሞተሩ። ሞተሩም የመንግሥት ነው» ብላለች። ሚስቴ ደግሞ «አትፍሪ፣ አንዴ አፉን ከከፈተ ሰዎቹ ዝም እንዲልላቸው ብለው ልጅቷን ይሰጣሉ። እኔንም ያገባኝ እንዲሁ አድክሞ ነው» ብላለች። አባባ እዚህ ላይ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ለጨዋነት ዞር እንኳ አላሉም።

«ወዲያው ልነግራችሁ ነበር» አለ አባትየው። «ይቺ ናት እጄን የያዘችው። ቆይ፣ ይጨርሱ አለችኝ።»

ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ልጄ ባለፈው ክረምት ታይፎይድ ይዟት ነበር? እኛ አልሰማንም።»

እኛ ሦስታችን ተያየን። ይህን እኔ አውቅ ነበር። እህቴ ቤት ነው የተኛችው። ያኔ ገና እጮኝነቱ እንኳ አልተነገረም፤ ልጁ «አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጓደኛ ታማለች፣ ሰው የላትም» ብሎ እናቱን ለመናት፣ እህቴ በባጃጅ ሄዳ አመጣቻት። ራሷ አልጋ ላይ አስተኝታት እሷ መሬት ተኛች። ልጅቷ «ለእናቴ እንዳትነግሩ፣ ከዚያ ድረስ ትጨነቃለች» ብላ ስላስማለቻቸው ማንም አልተነፈሰም። ማድ ቤት ውስጥ እህቴ ያንን ነው ያወራችው፤ «ባይሰጡንም እኔ ልጄ ናት። አጥሚት አጉርሼ ያስነሳኋትን ልጅ እንዴት የኔ አይደለሽም እላታለሁ?» ብላለች። ድንች ማሳዬ ላይ የተለቀሰው ይኼ ነበር።

«የኔ ፍርሃት ሌላ አልነበረም» አለ አባትየው። «መሬት አልፈልግም፣ ዘርም አልጠይቅም። እኔ በየበረሃው ነኝ። ልጄ ብትታመም፣ ብትወልድ፣ ማን አጠገቧ አለ? ይህን ልጠይቃችሁ ነበር። እናንተ ደግሞ መሬትና ጦር ትነግሩኝ ነበር መሰለኝ።»

ቄሱ በራሳቸው ንቅናቄ «አዎ፣ እሱን ነው የነገርንዎት» አሉ። ካህን አይዋሽም።

የልጅቷ እናት ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። «ያችን ሴትዮ አቅርቡልኝ» አለች። «እኔ ከእሷ ነው ጉዳዬ።»

እኔ ማይኩን ልቀይር እጄን ወደ ላፕቶፑ ስሰድ ከጅግጅጋ ባልና ሚስት በአንድ አፍ ጮኹ። «እንዳትነኩት!»

«ገና ይሰማል» አለ አባትየው፣ እየለመነ። «እባክዎን ወንድሜ፣ ሌላ ነገር አይጠግኑ። እናንተው ወደ ማይኩ ሂዱ።»

ስለዚህ ሽምግልናው ተነስቶ ማድ ቤት ገባ። ላፕቶፑን ከቡፌው አውርጄ በሁለት እጄ ተሸከምኩ፣ ቄሱ ከፊት፣ አባባ ካባቸውን ሰብስበው ከኋላ። በሩ ላይ ስንደርስ ሚስቴ ማማሰያ ይዛ ወደ እህቴ ዞራ «...ኮቱ እኮ አይቆለፍለትም፣ ሆዱን ይዞ ነው የቆመው...» እያለች ነበር። ዞር ስትል እኔን፣ ከኔ ሥር ደግሞ ስክሪኑ ላይ የሚስቁ ሁለት ሰዎች አየች። ማማሰያው ወጡ ውስጥ ወደቀ።

«ወይኔ! ሰምተዋል?»

«ከመጀመሪያው» አልኳት።

እህቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ግድግዳው ዞረች። ሽንኩርት የላጠችበት እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት። የልጅቷ እናት በአዊኛ ጠራቻት። ከዚያ በፊት ተያይተው አያውቁም፤ አጠራሯ ግን ከአንድ ምንጭ ውሃ የቀዱ ሴቶች አጠራር ነው። እህቴ ቀስ ብላ ዞረች።

«እንቅልፍ ይወስዳት ነበር?» ብላ ጠየቀች እናትየው።

«መጀመሪያ አይወስዳትም ነበር። ትኩሳቱ ሲለቃት ወሰዳት።»

«አጥሚቱን ትጠጣልሽ ነበር? እሷ እኮ ትጠላዋለች። ከልጅነቷ።»

«እየተነጫነጨች ትጠጣለች። ማር አድርጌ አታለልኳት።»

እናትየው ሳቀች፣ ወዲያው አለቀሰች፣ እህቴም ተከተለች፤ ሚስቴም ለምን እንደሆነ ሳትጠይቅ ገባችበት። ሦስት ሴቶች በሁለት ከተማ ሲያለቅሱ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ደግሞ ጭስ ውስጥ ቆመን ዓይናችን ይለበልባል፤ ከውጭ ላየን እኛም የምናለቅስ እንመስል ነበር። እኔ ጭሱ ነው ብያለሁ። አሁንም ጭሱ ነው እላለሁ።

ላፕቶፑን ማስቀመጫ ደረቅ ቦታ አልነበረም፤ አንዱ ጋ ውሃ፣ አንዱ ጋ ዘይት። እንደ ጠረጴዛ እጄን ዘርግቼ ያዝኩት። ባትሪው እያለቀ ነበር፣ እጄም እንዲሁ። ንግግሬን የሚፈልግ ሰው አልነበረም፤ ሴቶቹ አጥሚቱን ጨርሰው ሌላ ወሬ ከፍተዋል፤ ልጅቷ ከተዳረች በኋላ ስትወልድ እናትየው ለስንት ጊዜ መጥታ እንደምትቀመጥ ይነጋገራሉ። የልጅ ልጁ ስም ላይ ሊደርሱ ትንሽ ነው የቀራቸው።

«እኔ እምለው» አሉ አባባ በመጨረሻ፣ ትዕግሥታቸው አልቆ። «ልጅቷን ሰጥታችኋል ወይስ አልሰጣችሁም? እኔ ሚኒባስ ሊያመልጠኝ ነው።»

አባትየው ብድግ አለ። ጅግጅጋ ቤቱ ውስጥ፣ ሙሉ ልብሱን አስተካክሎ ቆመ። አሁን በተራችን እኛ ቀበቶውን አየን።

«ሰጥተናል» አለ ቀበቶው። «ከፋሲካ በኋላ ይሁን። ልጄ ለእናንተ ትሁን፣ ልጃችሁም ለእኛ።»

ሚስቴ እልልታዋን ስታቀልጠው ስፒከሩ አጠገቧ ስለነበር ባልና ሚስቱ ጆሯቸውን ያዙ። ቄሱ መረቁ። አባባ በአዊኛ ረጅም ምርቃት ጀመሩ፤ ከከብት ጀምረው ወደ ሰው የሚሄድ ምርቃት ነው፣ እስኪያልቅ ክንዴ እየተንቀጠቀጠ ስክሪኑ ላይ ያሉት ሰዎች መሬት የሚንቀጠቀጥ መሰላቸው። የእህቴ ልጅ እልልታውን ሰምቶ እጁ ሳሙና እንደሆነ ሮጦ መጣ፤ አማቶቹ ፊት ለፊት ሲገጥሙት በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ና ግባ የኔ ልጅ» አለችው እናትየው። «አጎትህን እርዳው፣ ሊጥለን ነው።»

ልጁ በአረፋ እጁ ላፕቶፑን ከአንድ ጎን ያዘልኝ። እኔም በመጨረሻ የምስጋና ንግግር ላደርግ አፌን ስከፍት ባትሪው አለቀ።